ስታርት የነበረበት ጥግ

እኔ ንፋስ መውጫ ላይ ኮምፒውተር የተማርኩት በቃሌ ነው። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ፣ ጋሼ የምንለው አሠልጣኛችን ስክሪኑን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ በአንድ ድምፅ ያስብለን ነበር፦ «ከታች በግራ፣ ስታርት! ወደ ላይ፣ ፕሮግራም! ወደ ቀኝ፣ ወርድ!»

«እንደ ውዳሴ ማርያም ያዙት» ይለናል። «በቃሉ የያዘ አይጠፋበትም።»

ያዝኩት። ዩኒቨርሲቲ ስገባም የላቦራቶሪው ማሽኖች አሮጌዎች ስለነበሩ ሁሉም እንደተማርኩት ሆነልኝ።

የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ስመለስ፣ መሪጌታው አባቴ ድጓ ከሚያስተምሩበት ከቤተ ልሔም ደብር መጡ። ለነሐሴው ንግሥ የሚለጠፍ ጥሪ ማጻፍ ፈልገው ነበር። ለካህናቱ «ልጄ ራሷ በኮምፒውተር ትጽፈዋለች» ብለዋቸዋል። ለጋሼ አስቀድሜ ስነግረው «ነገ ይዘሻቸው ነይ፤ ማሽኑ ያንቺው ነው» አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላነሣም።

በማግሥቱ ማሠልጠኛው ውስጥ አባቴ ከጀርባዬ ቆሙ። ማሽኑ ሲከፈት ስክሪኑ ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ብቻ ሆነ። ማውሱን ከታች ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ስታርት የለም። ጥጉን ስነካው ሌላ ገጽ ይመጣል፤ ደግሜ ስነካው አራት ማዕዘኖቹ ይመለሳሉ።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አሉ አባቴ።

«ስታርትን ነው፣ አባባ። እዚህ ነበር።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሠልጣኝ ሳቀች። «እሱማ ድሮ ቀረ፣ እቴ! ዩኒቨርሲቲ አልደረሰም እንዴ?»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «መቼ ቀየርከው?»

«አዲሱን ዊንዶውስ የጫንኩት ከፋሲካ በፊት ነው።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን ደግሞ ምን ይነግሩሻል? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ!» ብሎ ለሠልጣኞቹ ፈገግ አለላቸው።

ማሽኑ ቢቀየር ይቀየር። በቃሌ ያስያዘኝ ግን እርሱ ነበር፤ አባቴ ፊት እንደማፍርም ያውቅ ነበር።

«እንግዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን ተማርሽ?» አሉኝ አባቴ፣ ሳይቆጡ። ለመመለስ አፌን ስከፍት «በይ ተነሽለት፤ ካህናቱ ይጠብቁኛል» አሉ።

ተነሣሁ። ጋሼ ተቀምጦ አንዱን አራት ማዕዘን ነካና መጻፊያውን፣ ወርድን፣ ከፈተው። አባቴ ጃንጥላቸውን አስይዘውኝ ወደ እርሱ ጎንበስ አሉ፤ እያንዳንዱን ቃል ዝግ ብለው ይነግሩት ጀመር። እንዲያ ዝግ ብለው የሚናገሩት ለሚተማመኑበት ደቀ መዝሙር ብቻ ነበር።