የአንለይ ጊታር

አንለይ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ ለጎረቤት ይሰጣል፤ በዐቢይ ጾም የሚደረድራትን በገናም የሠራት ራሱ ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ በአራተኛው ዓመት አርበኞች አንድ ፈረንጅ ይዘው ደጁ መጡ። ሳንቲኖ ይባላል፤ ከምሽጉ ከድቶ እጁን የሰጠ ወታደር ነው።

«አደራ፣ አንለይ። አብላው፣ ጠብቀው» አሉት አለቃቸው ግራዝማች ድረስ።

የአንለይ ሚስት ንግስት ለፈረንጁ ፊቷን አልፈታችለትም። ጣሊያን የገደለው የወንድሟ ደም ገና አልደረቀም።

አንድ ጧት ሳንቲኖ ከግድግዳው የተሰቀለችውን በገና አይቶ ጅማቷን በጣቱ ነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሰል አንስቶ ወገቧ የቀጠነ፣ ስድስት ጅማት ያላት ነገር መደቡ ላይ ሣለ።

«ጊታር። አባቴ... ይሠራል» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

«እስቲ እንሥራታ!» አለው አንለይ።

ሳንቲኖ የግቢውን እንጨት ሁሉ እያንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ እያዳመጠ ሁሉንም ተወው። በመጨረሻ የአንለይ አባት ያቆሙትን የዝግባ በር አንኳኳና ፈገግ አለ።

«የቤቴን በር ነቅላችሁ ጅብ ልታስገቡብኝ ነው?» ብላ ንግስት ጮኸች። በሩ ግን ተነቀለ፤ ቁርበት ተጋረደበት።

ሳንቲኖ ሳንቃውን ሰንጥቆ መፋቅ ያዘ። ፋቀ፣ ፋቀ። የእንጨት ጥንካሬ ከውፍረቱ ነው ብሎ የኖረው አንለይ ልቡ ተሰቀለ።

«ኧረ ተው፣ ይሰበራል!»

«ስማ» አለ ሳንቲኖ፣ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እያንኳኳ። ድው አለ። ደግሞ ፋቀ። እንደ ብራና ሲሳሳ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ብርሃኑ በእንጨቱ ውስጥ ቀልቶ አለፈ። አሁን ሲያንኳኳው ከሩቅ ደብር እንደሚመጣ ደወል አስተጋባ። አንለይ አማተበ። ዕድሜ ልኩን በዚያ በር ሲገባና ሲወጣ፣ ይህ ድምፅ በውስጡ መኖሩን አላወቀም ነበር።

የጊታሯን ጎን የሚሆነውን የዋንዛ እንጨት ማጉበጡን አንለይ ራሱ ሞከረ። በፈላ ውኃ ዘፍዝፎ፣ በተሰበረ ጠመንጃ የጋለ አፈሙዝ ላይ ሲያጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተሰበረ።

«ቀስ። እንጨቱ እሺ ሲል» አለው ሳንቲኖ።

በኋላ እንጨቱ በእጁ ውስጥ እንደ ሰም ሲለዝብ ተሰማውና ቀስ ብሎ አጎበጠው።

ከቆዳ ባፈሉት ሙጫ በሆዷ ውስጥ ቀጫጭን ማገር ሲለጥፉ፣ ሳንቲኖ እያንዳንዱን ያለሰልሳል።

«ይህን ማን ያየዋል?» አለ አንለይ።

«ማንም» አለ ሳንቲኖ፤ ማለስለሱን ግን አልተወም።

ጅማት ሳይዘረጋባት ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። ግራዝማች ድረስም ሳንቲኖ ከምርኮኞቹ ጋር ወደ ከተማ እንዲሄድ ላኩበት። ስንቁን የቋጠረችለት ንግስት ናት። ሳንቲኖ የአንለይን እጅ ይዞ በጊታሯ ደረት ላይ አሳረፈው። ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም።

የፋሲካው በግ ሲታረድ አንለይ አንጀቱን አጥቦ፣ ገምዶ፣ አድርቆ ስድስቱንም ዘረጋ። የሚያውቀው የበገናውን ቅኝት ነውና እንደዚያው ቃኛት። ወፍራሙን ጅማት በአውራ ጣቱ ነካ። ድምፁ እንጨቱን አልፎ ጎድኑን አንቀጠቀጠው። ንግስት ሊጥ በእጇ እንዳለ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። አንለይ ደንግጦ ሊያፍነው እጁን ዘረጋ፤ አልቻለም። ድምፁ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ሁለቱም አዳመጡት።

«እስቲ ድገማት» አለችው ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ አንለይ አዝመራ በገባ ቁጥር ሌላ ጊታር ይሠራ ጀመር። አንዳንዷ ድምፅዋ ታፍኖ ትቀራለች፤ አንዳንዷ ትናገራለች። ለምን እንደሆነ እስኪሞት አላወቀም፤ ግርምቱም አለቀቀውም።