ሊቀር የሚችል ወጪ

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ማታ ማታ፣ ጉልበቴ ዴስክ ሥር አልገባ እያለ። ጠቀመህ ወይ ብትሉኝ፣ ያን ቀን ማንበብ ባልችል እመርጥ ነበር።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። መምህርቷ ስለ ገንዘብ አያያዝ አስተምራ፣ የቤታችሁን የወር በጀት ሠርታችሁ ወላጅ አስፈርማችሁ አምጡ ብላ ላከቻቸው። ገቢ ከላይ። ወጪ ከሥር፣ ለሁለት ተከፍሎ፦ "የግድ የሚያስፈልግ" እና "ሊቀር የሚችል"። ካልበቃችሁ ሁለተኛውን ሰርዙ፣ ተጨማሪ ገቢ ፈልጉ ብላቸዋለች። እንደኛ ቤት ላደገ ልጅ ይሄ ትምህርት ነው? እኛ ስንሰርዝ ነው የኖርነው።

እኔ ቀፊራ ገበያ ጭነት አወርዳለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ካልቃምኩ ጆንያ አይነሳልኝም። ሚስቴ ስለ ጫቱ ባነሳች ቁጥር መልሴ አንድ ነው፤ ይሄ ለኔ ነዳጅ ነው፣ መኪና ያለ ነዳጅ ሲሄድ አይተሻል? እላታለሁ። ልጅቷም ይህን እየሰማች አደገች።

ደብተሩን ተቀብዬ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ። የግድ የሚያስፈልግ፦ የቤት ኪራይ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ውሃ፣ የአባ ጫት። ሊቀር የሚችል፦ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የትምህርት ቤት መዋጮ። ሦስቱንም በማስመሪያ ሰርዛቸዋለች። ገቢው ጋ ደግሞ አንድ መስመር ጨምራለች፦ "ሳምቡሳ ሽያጭ፣ እኔ"።

መምህርቷን ልሰድብ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ? ጫቱን እዚያ ያስቀመጠችው እሷ አይደለችም። እርሳሱን ከልጄ እጅ ወስጄ ጫቱን ሰረዝኩና በተንጋደደ ጽሕፈቴ "ሊቀር የሚችል" ከሚለው ሥር ጻፍኩት።

ልጄ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አቦ አባ፣ ነገ ሳትቅም ልትሠራ ነው?"

"አዎ።"

"ባለፈውም እንዲህ ብለህ ነበር። አራት ቀን ተኛህ፣ ዱቄት አለቀብን።"

እያሾፈችብኝ አልነበረም። እንዲያውም እያዘነችልኝ ነበር፤ የገደለኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ ጆንያ ተደግፌ ሳንቀላፋ አሠሪው ሌላ ሰው ተካብኝና ቤት ዋልኩ፤ ስለምን እዋሻለሁ፣ ለመመለስ ለምኜዋለሁ። ነገም ብተወው ከዚያው ነው የምገኘው።

ልጄ የጻፍኩትን በላጲስ አጠፋችው፤ ጫቱን ወደ ቦታው መለሰችና እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ገቢና ወጪው እኩል ካልመጣ ነጥብ ይቀነሳል አለችኝ።

ድሮ የኪራይ ውል ላይ በአውራ ጣቴ ስፈርም ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ይሄን አንብቤ፣ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ደብተሩ ሲመለስ መምህርቷ በቀይ "ጎበዝ፣ አሥር ከአሥር" ብላበታለች። እሱንም አነበብኩ። ከሰዓት ልጄ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሳምቡሳ መጠቅለል ስትማር፣ ጫቴን በብብቴ ይዤ በፊታቸው አለፍኩ።