ዘጠኝ ሰው የሠራው የዶሮ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከአጥራችን ማዶ አንዲት ፒክአፕ መጥታ ቆመች። ጎረቤቶቼ በቅርቡ የተጋቡ ልጆች ናቸው፤ የዶሮ ቤት አሠርተው ማስመጣታቸው ነው። ብረቱ ተበይዶ፣ የሽቦ መረቡ ተወጥሮ፣ ጣሪያው ሳይቀር ሰማያዊ ተቀብቶ ያለቀለት። ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወረዱት፤ ባልየው በእጁ «ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ» አላቸው፤ አስቀመጡትና ሄዱ። በቃ! እኔ ጎመኔን ውሃ አጠጥቼ ሳልጨርስ ዶሮዎቹ ገብተውበት ነበር።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አናደደኝ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። የገዛ የዶሮ ቤቴ ትዝ ብሎኝ ነው። ያንን ቤት ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣልኝም፤ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ እናቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ቤቱን የሚደግፈው ቴፒ ቡና እርሻ ላይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ስለሆነ፣ ዳንኤል ያለው ይሆናል። ያን ዓመት ሚስቱ መንታ ወለደች። እሱም መጣና «አስቴር እዚህ ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች? ትምጣና ልጆቹን ትያዝልን፣ ለስድስት ወር ነው» አለ።

ስድስት ወር! ያንን ስድስት ወር እኔ አውቀዋለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ለስድስት ወር ብላ ጅማ ዘመድ ቤት ሄዳ አምስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። የያዝሽው ልጅ ሲያድግ ሌላ ይወለዳል፤ እሱ ሲያድግ አንቺ አርጅተሻል። እናቴን ዞር ብዬ ሳያት ድስቷን ታማስላለች። ቀምሳ ጨው ጨመረችበት።

ያን ሰሞን ታዲያ የግብርና ቢሮ ሰዎች ለወጣቶች የተሻሻለ ዝርያ አውራ ዶሮ ያድሉ ነበር። ከሐበሻ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ጫጩቶቹ ትልልቅ ይሆናሉ፣ እንቁላልም አብዝተው ይጥላሉ ተባለ። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አጥር ያለው መዋያ ጭምር የተሟላ የዶሮ ቤት፣ እና ቢያንስ አራት የራስ ዶሮ። እኔ አራት ዶሮ ነበረኝ። ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማና ጥቁር። ከጫጩት ጀምሮ ከጭልፊትና ከሽለምጥማጥ እየነጠቅሁ ያሳደግኋቸው ናቸው። ቤቱ ብቻ ነው የጎደለኝ። ተመዘገብኩ፤ ባለሙያው ከሦስት ሳምንት በኋላ አርብ መጥቶ እንደሚያይ ነገረኝ።

ዳንኤል ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከዚያ ግን «እሺ» አለ። «ከተቀበሉሽ እዚሁ ቅሪ፤ ሥራ ነው። ካልተቀበሉሽ በማግስቱ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ልብስሽን አዘጋጂ።»

እንግዲህ ሕይወቴ በአንድ የዶሮ ቤት ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ብቻዬን ምስማርና መዶሻ ይዤ ልጀምር ስል እናቴ «ወንድሞቼ እያሉ አንቺ እንጨት ልትሸከሚ? ሰው ምን ይለናል!» አለችና ለጋሽ ጴጥሮስ ላከችባቸው። ጋሽ ጴጥሮስ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ያርሳሉ፣ ቤት በመሥራትም የታወቁ ናቸው። በሦስተኛው ቀን መጡ። ግቢውን በእርምጃ ለኩ፣ አፈሩን በጫማቸው ቆረቆሩት፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «እንግዲህ ጨረቃዋ ስትጎድል እንጀምራለን» አሉኝ።

«ጨረቃዋ ምን አደረገች ጋሼ?»

«አሁን እየሞላች ነው። ጨረቃ እየሞላች የተቆረጠ ቀርከሃ ይነቅዛል፣ በዓመቱ ዱቄት ነው የሚሆነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እስከ አርብ ይቁምልኝ ነው የምለው! ዓመቱን ማን ጠየቀ?»

«ነውር ነው!» አሉ፣ እውነትም ተቆጥተው። «ነገ ሰው አይቶ የጴጥሮስ ሥራ ነው ሊል?»

ማን ይመልሳቸው! ሄዱ። እኔም ጨረቃ ጠባቂ ሆንኩ። ሚዛን ደግሞ መስከረምም ጥቅምትም ይዘንባል፣ ደመናው አይገለጥም፤ አንዳንድ ምሽት ጨረቃዋ ሙሉ ትሁን ጎዶሎ የሚታወቀኝ ነገር አልነበረም። ሳምንት ሄደ። ሌላ ሳምንት ሄደ። ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ መልሼ አወጣሁት።

በመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ጴጥሮስ ቀርከሃ ተሸክመው ቆመዋል። ከኋላቸው ስምንት ሰዎች፤ ወንድሞቻቸው፣ የአጎት ልጆች፣ አንድ አማች። «ቀኑ ስላጠረ ሰው ጨምሬ መጣሁ» አሉ።

ዘጠኝ ሰው! ለዶሮ ቤት! ሁለቱ በር ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን አሉ፣ ሦስቱ ወደ መንገድ፤ አንደኛው ሽማግሌ ዶሮ የሚወደው ምን እንደሆነ ግማሽ ሰዓት አስረዱን። ጋሽ ጴጥሮስ ሁሉንም ሰምተው በገዛ ሐሳባቸው ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመሩ። እኔ ወዲያው ተሯሩጬ ቆጮውን ጋግሬ፣ ጎመኑን ከትፌ፣ ጎደሬውን ቀቅዬ አዘጋጅቻለሁ። ማሰሪያው ሲያልቅባቸው ቃጫ ልገዛ ወደ ገበያ ሮጥኩ። ስመለስ ግቢው በቁሌት ሽታ ታውዷል። ቀይዋ ዶሮዬ የለችም።

«እማዬ፣ ዶሮዬስ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ወንድሞቼ ናቸው እኮ! ጎመን ላብላቸው?»

«አራት መሆን አለባቸው ብዬሽ የለ!»

«ሦስት ይቀሩሽ የለም እንዴ» አለችኝ፣ መቁጠር የማልችል ይመስል።

ማክሰኞ ምስማር ጎደለ ተባልኩ። ምስማሩን ይዤ ስመለስ ነጯ ሄዳለች። እንዲያውም የገባሁት ጋሽ ጴጥሮስ ዓይናቸውን ጨፍነው በማዕዱ ላይ ሲጸልዩ ስለነበር፣ አሜን እስኪባል እንኳን መጮህ አልቻልኩም። ደግሞ ጸሎታቸው ረጅም ነው! ለቤቱ፣ ለእናቴ፣ ለእኔ፣ ለሚመጡት ጫጩቶች ሁሉ ጸለዩ። እናታቸውን እየበሉ!

ረቡዕ እናቴን አስማልኳት። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ዛሬ አልነካም» አለችኝ። ከሰዓት በፊት ዝናቡ ወረደ፤ ሰዎቹ ጣሪያው ላይ እንዳሉ በሰበሱ። እናቴ የቡና ቅጠሉን ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር አፍልታ ጨሞ አጠጣቻቸው። ያ በቂ ነበር፤ ጨሞ እሳት ነው። እሷ ግን ሲንቀጠቀጡ አይታ «ብርዱ ገደላቸው እኮ፣ መረቅ ያስፈልጋቸዋል» አለች። ገብስማዋን ጨረሷት። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እናቴ ብልቱን አስቀርታ አምጥታልኝ ነበር፤ ፊቴን አዞርኩባት።

ሐሙስ ጥቁሯን ዶሮ ብብቴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ። አልቀልድም። ሣር ሳቀብል፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ይዣት ነበር። ሰዎቹ እየሳቁብኝም ቢሆን ሥራቸውን ጨረሱ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ የዶሮ ቤት አይቼ አላውቅም። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በቀርከሃ የተጎነጎነ፣ ቆጡ በሦስት ደረጃ፣ በሩ ሳላጎነብስ የሚያስገባኝ፣ መዋያው ሽለምጥማጥ ጣቱን እንኳ የማያሾልክበት። አርባ ዶሮ ያኖራል። እኔ ያለኝ አንድ ነው።

አርብ ባለሙያው መጣ። ጋሽ ጴጥሮስም ሥራቸውን ሊያስመርቁ አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው ተገኙ። ባለሙያው ዞሮ አየ፣ ቆጡን ነካካ፣ «ይህንንስ ለሌሎች ማሳያ ማድረግ ነው» አለ። ጋሽ ጴጥሮስ አበጡ። ከዚያ ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ዶሮዎቹስ?» ሲል፣ እኔ አፌን ከፍቼ የማስተባበያ ቃል ስፈልግ እናቴ ከጓዳ ወጣች። በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በሌላው ጥቁሯን ዶሮዬን ይዛለች። ከደበቅሁባት ከአልጋዬ ሥር መቼ እንዳወጣቻት እግዜር ይወቅ።

«ወንድሜ፣ ባርክና እረድልኝ» አለቻቸው ለጋሽ ጴጥሮስ። «እንግዳው ባዶ አፉን ይሂድ እንዴ?»

ያኔ ራሴን ሳትኩ። ዘልዬ ከእጇ መነጨቅኋት። «ይበቃል!» ብዬ ጮህኩ። «ያንን ሁሉ ዶሮ ያስጨረስሽው አንቺ ነሽ! ልታስወግጂኝ ከፈለግሽ ለምን አትነግሪኝም? አንቺ እናት ነሽ?»

በእንግዳ ፊት። በታላቅ ወንድሟ ፊት። እናቴ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ባለሙያው «እኔ እንኳን እቸኩላለሁ» እያለ ወረቀቱን አጣጠፈ። ደንብ ደንብ ነው አለኝ፣ አራት ዶሮ ሲኖርሽ በሚቀጥለው ዙር እናያለን። ሄደ። እኔም ዶሮዬን አቅፌ አልቅሼ አልቅሼ ደከመኝ።

ቅዳሜ ዳንኤል ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከቴፒ አውቶቡስ ወረደ። ወዲያው የምንነሣ መስሎኝ ሻንጣዬን በር ላይ አድርጌያለሁ። ሲገባ ግን ሳሎኑ ሙሉ ነው። ጋሽ ጴጥሮስና ስምንቱ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እናቴ ጨሞ ትቀዳለች፤ ማንንም አታይም።

«ዳንኤል፣ እህትህን ወዴት ነው የምትወስዳት?» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

«ጋሼ፣ ስምምነት አለን። ግብርናዎቹ ካልተቀበሏት…»

«ግብርናዎቹን ተዋቸው። እኔና ወንድሞቼ አራት ቀን ዝናብ የበላን ለማን ብለን ነው? ለሽለምጥማጥ ነው ቤት የሠራነው?»

«እሱስ ልክ ነው፣ ግን ልጆቹን የሚይዝልን…»

«ሞግዚት ፈልግ። እዚህ ቤት የእህታችንን ዶሮ በልተናል፤ በልተን ልጇን አሳልፈን አንሰጥም። እኛን አልፈህ ውሰዳት እንግዲህ።»

ስምንቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳንኤል ከእናቱ ወንድም ጋር ክርክር ሊገጥም? የማይታሰብ ነው። ጨሞውን ጠጣ፣ መንታዎቹ ጥርስ እያወጡ እንደሆነ ነገረን፣ በማግስቱ ብቻውን ተመለሰ። እኔም ሻንጣዬን ፈትቼ ወደ ጥቁሯ ዶሮዬ ሄድኩ። ጋሽ ጴጥሮስ ተዓምር ሠሩልኝ ብዬ ለዓመታት እሳቸውን ሳመሰግን ኖርኩ፤ እናቴን ደግሞ ለዓመታት በሆዴ ቂም ይዤባት ኖርኩ። ጥቁሯ ታቅፋ ዘጠኝ ፈለፈለች፣ ሦስቱን ጭልፊት ወሰደ፣ በቀሩት ተነሣሁ። ከዚያ ግቢ እንቁላል እየሸጥኩ ነው ትዳር የያዝኩት፣ ልጆቼንም ያስተማርኩት።

እማዬ አሁን ሰማንያን አልፋለች፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጆሮዋ ደክሟል፣ አፏ ግን አልደከመም። ያ የጎረቤቶቼ የዶሮ ቤት በመጣበት ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለሁ በስንት ዓመቴ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያኔ ዶሮዎቹን ሆን ብለሽ ነበር ያሳረድሻቸው?»

«ወንድምሽን አይሆንም ማለት አቅቶኝ ነበር» አለች። «የሚያኖረን እሱ ነዋ። እኔ ካልቻልኩ የሚችል ሰው ማምጣት ነበረብኝ። ታዲያ ዘጠኝ ወንድ በጎመን ነው የሚሟገትልኝ?»

ማበጠሪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እኔ ሰው በበላበት ቤት እንዴት እንደሚታሰር የማላውቅ ሆኜ አይደለም። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ስንቱን አብልቻለሁ። እናቴ ዘንድ ሲሆን ብቻ ነው ያልታየኝ። ያችን ሴትዮ እናት ነሽ ወይ ብዬ በሰው ፊት ጮኼባታለሁ፤ እሷም ይህን ያህል ዘመን አንድ ቀን አላነሳችብኝም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እሺ ሦስቱስ ይሁን። አራተኛዋንስ? ለዚያ ለግብርናው ሰውዬ ልታሳርጃት የነበረችውን?»

አንገቷን ጠምዝዛ አየችኝ። እንደ እኔ ያለ የማይገባው ሰው አይታ የማታውቅ ይመስል ነበር።

«እሱማ እንግዳ ነው!» አለችኝ።