ግንባሯ ያልቀላ በቀቀን

ከጎንደር የተነሳሁት ከፋሲካ በኋላ፣ ሐሙስ ማለዳ ነው። ለተማሪዎቼ ሕያው በቀቀን አመጣላችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በተከፈተው ትምህርት ቤታችን ስለ አእዋፍ የማስተምረው ከሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይጮህም፣ አይበርም።

ኮሶዬ

ባዶ ጆንያ የጫነ ማኪና ላይ ተሳፍሬ፣ አቧራ ስቅም ደረስኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገድ ዳር ካለች ቤት ትኩስ የገብስ ዳቦ በጠላ በላሁና ባለቤቷን ስለ ወፎቹ ጠየቅኋት።

«ከደብሩ አይጠፉም» አለችኝ። «የጥዱን ፍሬ ሲለቅሙ ነው የሚውሉ።»

እውነቷን ነው። አጸዱ ውስጥ ስገባ ከጥዱ ጫፍ ሲንጫጩ ሰማሁ። በአንድ እጅ የሚጨበጡ፣ አረንጓዴ፣ ጅራተ አጭር ናቸው፤ ሲበሩ የክንፋቸው ሥር ይጠቁራል። ምንቃራቸው ቀይ ነው፤ የአንዳንዶቹ ግንባርም ቀልቷል። ግንባሯ ያልቀላ አንዷ ያረጀ ኮሶ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ጫጩት ናት፣ ቶሎ ትለምዳለች ብዬ፣ ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቅ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ጣቴን ነክሳ አደማችኝ፤ ግን ይዣት ወረድኩ።

ከሥር የደብሩ ገበዝ አባ ወልዴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋች?»

«ለትምህርት ነው አባቴ። ጫጩት ናት፤ ግንባሯ ገና አልቀላም።»

«ግንባሩ የቀላው ባሏ ነው። እሷ እስክትሞት እንዲሁ ናት። ከእንቁላሏ ላይ ነው ያነሳሃት። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ሮጦ የዚህን ደብር ደወል ከደወለ አይነካም፤ እሷ ማንን ገደለች?»

ባለ ቀይ ግንባሩ ከራሳችን በላይ እየጮኸ ይዞር ነበር። አፈርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። እጄን ስከፍት ግን ወደ ቀዳዳዋ አልተመለሰችም፤ ወደ ገደሉ በረረች። እንቁላሎቹ ሊበርዱ ነው ብዬ ወደ ግንዱ ተጠጋሁ።

«ዞር እንበልላት፤ ሰው ፈርታ ነው» አሉኝ አባ።

ከድንጋይ አጥሩ ጥግ ተቀመጥን። እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እኔ ዓይኔን ከግንዱ አልነቀልኩም። ብዙ ቆይታ መጣችና ሹልክ ብላ ገባች። ባሏም ተከትሎ፣ በቀዳዳው አፍ ላይ ከምንቃሩ አጎረሳት።

«ሸጋ» አሉ አባ።

ጎንደር

ከገበዙ ቤት አድሬ ዓርብ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሰኞ ተማሪዎቼ «በቀቀኗስ?» ሲሉኝ መጀመሪያ ደብተራቸውን አስከፈትኩ። «ግንባሩ ያልቀላ በቀቀን ጫጩት ነው» ብዬ ያስጻፍኳቸው እኔ ነበርኩ። ተሳስቻለሁ ማለት ለአስተማሪ ይከብዳል፤ አልኩት። ያንን ሰርዘው በምትኩ «እናት ናት» ብለው ጻፉ።