የተገለበጠው ኮት

ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ትንንሽ ንግዶች እንዴት እንደሚያድጉ እንድጽፍ ታዝዤ ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ሄድኩ። ያነጋገርኳት ልብስ ሰፊ አዲስ የሚያሰፋ ቢጠፋም በጥገና ብቻ ሁለተኛ የስፌት መኪና እንደገዛች ነገረችኝ። እየጻፍኩ ቀና ስል ከጀርባዋ አንድ አሮጌ የወንድ ኮት ተሰቅሏል። ብዕሬ ቆመ።

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። እዚያው ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ስፌት ካስተማሩኝ ከጋሽ ሰይድ ጋር በአንድ መኪና እየተፈራረቅን እንሰፋ ነበር። ያን ክረምት በረዶ ገብሱን መታው። ገበሬው ካልሸጠ ከተሜውም አይገዛም፤ ጨርቃችን አቧራ ለበሰ፣ ምሳችን ቆሎ ሆነ። ኮት መገልበጥን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስፌቱን ፈትተን፣ ፀሐይ ያላየውን የጨርቁን ውስጥ ወደ ውጭ አዙረን ስንሰፋው አሮጌው አዲስ ይመስላል፤ ግራው ቀኝ ከመሆኑ በቀር። ወሬው ሐሙሲት ድረስ ደረሰ። ጋሽ ሰይድም «አንተ ልጅ፣ ድህነትንም ገልብጠህ አለበስካት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

መስከረም ላይ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ሴት ከጋፋት ጭቃውን አቋርጠው የሟች ባላቸውን ኮት ይዘው መጡ። ተዝካሩ ደርሷል፤ ልጃቸው ለብሶት አያቱ ፊት ይቀርባል። «አሰናዳልኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። ጋሽ ሰይድ አልነበሩም። እኔም ሳልጠይቅ ገለበጥኩት። የግራ ትከሻውን የጠመንጃ ማንገቻ በልቶት ስለነበር ከውስጥ በጨርቅ ደግፌ ጠቀምኩት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

በተዝካሩ ዋዜማ ሊወስዱት ሲመጡ ኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻውን ፈለጉ።

«አማቴ ዓይናቸው አያይም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጃቸውን ዳስሰው የሚያውቁት በተበላችው ትከሻው ነበር።»

ጋሽ ሰይድ ሲሰሙ አልተቆጡም። አብረህ ሂድ፣ ለሟች እናት ራስህ ንገራቸው አሉኝ።

ሄድኩ። ልጁ ኮቱን ለብሶ ተንበረከከ። አሮጊቷ የግራ ትከሻውን ዳሰሱ። ለስላሳ ነበር። መልሰው ዳሰሱት። ወደ ቀኙ ዞሩ፤ ጣታቸው የጠቀምኩት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼስ የሰው ኮት ነው» አሉና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ መለሱ።

ልነግራቸው የመጣሁትን ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሰይድ ኮት ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የሕያው ነው የሟች?» ሆነ። የሟች ከሆነ፣ የማይነካው የቱ እንደሆነ ቤተሰቡ በጣቱ ያሳየናል። ሰው አመነን፤ ዓመት ሳይሞላ ባለ ሦስት መኪና ሆንን። ንግዱ ያደገው በዚያች ጥያቄ ነው፤ ዘገባዬ ውስጥም አስገብቻታለሁ። የአሮጊቷን እጅ ግን የማስገባበት ቦታ አጣሁ።

ልሰናበት ስነሳ ልብስ ሰፊዋ የለበስኩትን ኮት አየችው።

«ጋሼ፣ ክርንዎ አልቋል። ላድስልዎ?»

«ይቅር ልጄ» አልኳት። የሳሳውን ክርኔን በመዳፌ ሸፍኜ ወጣሁ።