ለነኢማ የሰረቅኩት ጥያቄ

በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዬ ያኔ ሰባ አንድ። ጅማ አጠገብ ሰርቦ ውስጥ በርጩማ ስጠርብ ኖሬ የሰው ንብረት ነክቼ አላውቅም። በዚያ ዓመት ግን ሰረቅኩ። የሰረቅኩት ዕቃ አይደለም፤ ለልጅ ልጄ ብዬ የፈተና ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል። ጽሑፍ ይከብደኛል፤ ይቺን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስህተት ካለ እለፉኝ።

ነኢማ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ አረብ አገር ናት፤ የማሳድጋት እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍልን ደግማ ሦስተኛ ገብታለች። ደብተር ፊት ስትቀርብ ላብ ያጠምቃታል። እሷ አንድ መስመር አንብባ እስክትጨርስ እኔ የበርጩማ እግር አወጣለሁ። አስተማሪዋ "ይቺ ልጅ ምንም አይያዝላትም፤ አንደኛ ክፍል ተመልሳ ከሥር ትጀምር" አለ።

ነኢማ ይህን ስትሰማ "ወላሂ አካኮ፣ ከሕፃን ጋር ከምቀመጥ ሊሙ ገነት አክስቴ ጋ ሄጄ ቡና እለቅማለሁ" አለችኝ። አካኮ የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው። ግትርነቷን ከእኔ ነው የወሰደችው፤ ካለች አለች ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንዳትወጣ ቆርጫለሁ።

በዚያው ሰሞን ሄለን የምትባል ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ከጅማ ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣት ጀመረች። የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ናት አሉ። ትምህርቷን ልትጨርስ የልምምድ ዓመቷ ላይ ነበረች፤ የምትሠራውን ሁሉ ጅማ ያለ አስተማሪዋ ያይላታል። ሰፈርተኛው ግን "የእብድ ሐኪም" ነበር የሚላት። እኔም አምኜ፣ ነኢማን ልያት፣ ፈቃድዎን ይፈርሙልኝ ስትለኝ እምቢ አልኩ።

"የልጅ ልጄ እብድ አይደለችም።"

"እኔም እብድ ናት አላልኩም፣ አባ ዲጋ።"

"እንግዲያው መርፌሽን ይዘሽ ወደ ሌላ ሂጂ።"

"መርፌ የለኝም፤ ሐኪምም አይደለሁም። ሥራዬ ልጅ ትምህርት ለምን እንደከበዳት መፈለግ ነው።"

"ይሄን ለመፈለግ ስንት ዓመት ተማርሽ?"

"ይሄን ልምምድ ጨምሮ ሰባት።"

"ሰባት ዓመት! በሰባት ዓመት እኮ ዋንዛ ተተክሎ ጥላ ይሆናል።"

ሳቀች። "ታዲያ ነኢማ ጥላዬ ሥር ትቀመጥ፤ ይፈርሙልኝ።"

ምላሷ ደስ አለኝና ፈረምኩ።

በመጀመሪያ ጅማ ወስደህ ዓይኗንና ጆሮዋን አስመርምር ተባልኩ። ደህና ናት ተባለ። ቀጥላ ሄለን ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ነኢማ ስትማር አየቻት፤ ደብተሮቿንም ሰብስባ ወሰደች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "የሚመጣው ሐሙስ አንዳንድ ነገር እጠይቃታለሁ። ዓርብ ጠዋት ርዕሰ መምህሩና አስተማሪዎቹ ስለ እሷ ሊወስኑ ይሰበሰባሉ፤ ያገኘሁትን አቀርባለሁ። ዝግጅት አያስፈልጋትም፤ ደህና ትተኛ ብቻ።"

ዝግጅት የማያስፈልገው ፈተና የት አገር አለ? ተንኮል መሰለኝ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቴር ቅመም ነጋዴ ናት። ልጇ ማርታ ባለፈው ሳምንት ሄለን ዘንድ ገብታ ተጠይቃ ነበር። ማርታን ጠራሁና ትንሽ በርጩማ ሰጠኋት። "እስቲ ምን ምን ጠየቀችሽ?" አልኳት። ልጅቷ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችው። ምን ከምን ይመሳሰላል፣ ቁጥር ሰምቶ መድገም፣ ተረት ሰምቶ መልሶ መናገር፣ ሁሉንም።

አራት ቀን ነኢማን አስጠናኋት። እኔ በመሮ እየጠረብኩ፣ እሷ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰች፣ እኔ ስናገር እሷ ስትደግም። ጠጣችው።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ነኢማ ናት። ሄለን "ውሻና ጅብ..." ብላ ሳትጨርስ፣ ነኢማ "ሁለቱም እንስሳ ናቸው፣ ቢላዋና መቀስ ይቆርጣሉ፣ ወንዝና ኩሬ ውሃ ናቸው" ብላ ያልተጠየቀችውንም አከታተለችላት። ሄለን እርሳሷን አስቀመጠች።

"ማን አስጠናሽ?"

"ማንም። አካኮ አይደለም።"

በዚያው ከሰዓት ሄለን መጥረቢያ ቤቴ ድረስ መጣች። ሰላምታ እንኳ የለም።

"አባ ዲጋ፣ ምን አደረጉኝ?"

"ያልሽውን ሁሉ አልመለሰችም?"

"እንድታልፍ እንድትወድቅ አልነበረም እኮ የጠየቅኳት! የት ጋ እንደሚከብዳት ለማወቅ ነበር። መልሱን ቀድማ ካወቀች ጥያቄው ምንም አይነግረኝም። ቶሎም አይደገምም። ነገ ባዶ እጄን ስብሰባ ልገባ ነው።"

አስተግፊሩላህ! ላድናት ብዬ የገደልኳት እኔ ነኝ። መሮው ከእጄ ወደቀ።

ሄለን ያላለቀ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "ለመሆኑ እንዴት አስጠኗት? ጽፈው ሰጥተዋት ነው?" አለች።

"ምን ጽሑፍ አመጣሽ፣ በአፍ ነው እንጂ።"

"ስንት ጊዜ ደጋገሙላት?"

"ሁለቴ። አንዳንዱን አንዴ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አንዴ ብቻ?"

ነኢማን ጠራቻት። ሰቃ ገበያ ስለሄደች ሴትዮ፣ ከዚህም ከዚያም ስለገዛችው፣ በመንገድ ስላገኘቻቸው ሰዎች አንድ ረጅም ወሬ እዚያው ፈጥራ አወራችላት። እኔ ግማሹ ጠፍቶብኛል። ነኢማ ከነዋጋው፣ ከነተራው መልሳ አወራችው። ከዚያ ሄለን ሁለት መስመር ጻፈችና ወረቀቱን ሰጠቻት። ነኢማ አንገቷን ደፋች፤ ላቡ መጣ።

"ምንም አይያዝላትም ያሉት ይቺን ልጅ ነው?" አለች ሄለን። "ዛሬ ባየሁት ብቻ አልፈርድም፤ ገና ብዙ አያታለሁ፤ አስተማሪዬንም አማክራለሁ። ግን ክፍል ውስጥ ያየሁትም ደብተሯም ወደ አንድ ነገር ነው የሚያመለክቱት። ጭንቅላቷ ደህና ነው። ያስቸገራት ፊደሉ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉ፤ ሰነፎች አይደሉም።" ደግሞ ጠየቀችኝ፦ "ከቤተሰብ ፊደል የሚያስቸግረው ሰው ነበር?"

መሮዬን ከመሬት አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

"አለ። ፊት ለፊትሽ ነው" አልኳት።

ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ሌላው ምዕራፍ ሲጨርስ እኔ ሰሌዳዬ ላይ ስገረፍ እንደኖርኩ ነገርኳት። ጎልምሼ መሠረተ ትምህርት ገብቼም ፊደሉ እንደ ጉንዳን ነበር የሚሄድብኝ። ይህንን ለሚስቴ እንኳ፣ አላህ ይማራት፣ ነግሬያት አላውቅም። ሄለን አልሳቀችም፤ አላዘነችልኝምም። ጻፈችው።

"አንድ ነገር ይወቁ" አለች። "ጥያቄው ቀድሞ እንደተነገራት መጻፍ አለብኝ፤ ሙያዬ ነው፣ አልደብቅም። ማን እንደነገራት ግን ስምዎን ልተው እችላለሁ።"

"ብትተዪውስ?"

"አስተማሪው ልጅቷ አታለለች ይላል።"

እኔ ሰርቦ ውስጥ ሽማግሌ ነኝ። ሰው ሲካካድ እውነቱን የሚያወጣው እኔ ፊት ቀርቦ ነው። ርዕሰ መምህሩን እንኳ ከአማቱ ጋር ያስታረቅኩት እኔ ነኝ። አባ ዲጋ ሰረቀ ከተባለ በኋላ ማን ፊቴ ይምላል? ሄለን ወደ ጅማ ስትመለስ እኔ መሮዬን አንስቼ ወደ በርጩማዬ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ነኢማ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት፤ አልሐምዱሊላህ። ፈተናውን አስተማሪ ያነብላታል፣ እሷ በአፏ ትመልሳለች። ንባቡም ቀስ እያለ መጥቷል። ሄለን ተመርቃ ሌላ ቦታ ሄዳለች። በሌብነቴ ዛሬም አፍራለሁ፤ ልክ ነበርኩ አልልም። ፊደል ስላስቸገረኝ ማፈሩን ግን ትቻለሁ። ባላጠፋሁት ስድሳ ዓመት አፍሬ ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል። "የእብድ ሐኪም" የሚል ሰው ዛሬ ካገኘሁ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ፤ በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ሱብሂ ሰግጄ ንጹሕ ኮቴን ለበስኩና ነኢማን አስከትዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እሷን ውጭ አቁሜ ስብሰባው ውስጥ ገባሁ። ሄለን ወረቀቷን ይዛ ተቀምጣለች። ርዕሰ መምህሩ ብድግ አለ።

"አባ ዲጋ! ይምጡ፣ ይቀመጡ፤ ማንን ሊያስታርቁ ነው?"

"አልቀመጥም" አልኩ። "ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም። ጥያቄውን ከጎረቤት ልጅ አፍ በበርጩማ የገዛሁት እኔ ነኝ። ነኢማ አያቷን ታዘዘች እንጂ አላታለለችም። በእኔ የፈለጋችሁትን ፍረዱ። በእሷ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ደብተር ሳታሳዩዋት አንድ ነገር በአፋችሁ ንገሯት፤ መልሳ ትንገራችሁ።"

ወጣሁና የነኢማን እጅ ይዤ አስገባኋት።