ፓስተሩ እንዲጸለይለት የወጣ ዕለት

ቅዳሜ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተነሳነው ለስብከት ነበር። ባሌ ፓስተር ዮናስ ግን መናኸሪያ ስንደርስ፣ «ሂሩት፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። አገልግሎት በቃኝ» አለኝ።

ከክረምት ጀምሮ ድባቴ ይዞታል። እንቅልፍ የለውም፤ ከአልጋ መነሳትም ይከብደዋል። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የምደብቀው ሽሮ ማስቀመጫው ውስጥ ነው፤ የፓስተር ቤት እንግዳ አያጣማ! የእኔም ሳቅ ከጠፋ ሰነባብቷል። «እንዴት ናችሁ?» ለሚለን ሁሉ ግን፣ «ጌታ ይመስገን!» እንላለን።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብርዱ አጥንታችን ገባ። ቆሎ ገዝቼ ብሰጠው እንደጨበጠው ቀረ። የገብሱን ማሳና ባሕር ዛፉን እያለፍን አንኮበር ስንደርስ ጉሙ ተገለጠ፤ ከገደሉ ሥር ቆላው እስከ አፋር ተዘርግቶ ታየ። ዮናስ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያኔ ፈራሁ።

ያደርነው ከምእመናኑ በዕድሜ ከሚበልጡት ከእማማ ብርቄ ቤት ነው። ትኩስ የገብስ ዳቦ በአይብ አቀረቡልን፤ እሱ አልቀመሰም።

እሑድ

ትንሿ የቆርቆሮ አዳራሽ ጢም አለች። ዮናስ ሰብኮ ሲጨርስ እንደ ልማዱ፣ «የሚጸለይላችሁ ወደ ፊት ኑ» አለ። ከዚያ ራሱ ከመድረኩ ወርዶ ፊቱን ወደ መድረኩ አዞረና ቆመ።

«ለእኔ ጸልዩልኝ። ድባቴ ይዞኛል። መድኃኒትም እየወሰድኩ ነው።»

ሁልጊዜ እጅ የሚጭነው እሱ ነው፤ በእሱ ላይ ማን ይጫን? እኔም ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ።

«እኔም ደክሞኛል» አልኩ፤ እንባዬም መጣ።

እማማ ብርቄ በምርኩዛቸው ተነስተው መጡ። «ልጆቼ፣ ጸልዩልን እንጂ እናንተስ እንዴት ናችሁ ብለን አናውቅም» አሉና እጃቸውን ጫኑብን። ሕዝቡም እጁን ዘረጋ። ከአሜን በኋላ ደግሞ ዮናስን ቆጣ አሉት፦

«መድኃኒቱን እንዳትተው! እኔን የስኳር መርፌሽን ተዪ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ባሌ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ አዳራሹም ተከተለኝ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ሚኒባሱ ውስጥ ቆሎውን ብቻውን ጨረሰው። «በሚቀጥለው ወር እንመለሳለን ብያቸዋለሁ» አለኝ። እኔም ሐኪሙ ጋ አብሬው ልሄድ ወሰንኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ እረኛም እረኛ እንደሚያስፈልገው ነው።

ቤት እንደገባን መድኃኒቱን ከሽሮው አውጥቼ ብፌው ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር።

«ፓስተር፣ እንዴት ናችሁ?»

«ታምሜ ነበር፤ እየታከምኩ ነው» አለ ዮናስ። «ግባ፣ ዛሬ አንተ ትጸልይልናለህ።»